በፈረስ መልስ ገደል ስለሞተው ስለ የሻው አረጋ የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ አዝመራው ጋሻዬ
ዕድሜ፦ 46 ዓመት
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ላስታ አውራጃ፣ የዋሻ ሩፋኤል አጥቢያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ አሊ አብዱልሀሚድ

ሟቹን፣ የወረዳው የፖለቲካ ኃላፊ የነበረውን ጓድ የሻው አረጋንና በግድያ ተጠርጥረው የታሰሩትን ቄስ ገብረመስቀልን አውቃቸዋለሁ። ከሁለቱም ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ቄስ ገብረመስቀል ሟቹን ከገደል ገፍተው ጥለውታል ስለመባሉ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ነሐሴ 3 ቀን ጠዋት ጓድ የሻው ከተራራው ማዶ ባለው የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሊመራ እንደሚሄድ ገልጾ መንገድ እንዳሳየው ጠየቀኝ። በበጋ የሚኬደው በወንዙ ዳር ነው። ወንዙ ሌሊቱን ሞልቶ ስላደረ መሻገሪያ አልነበረም፤ የቀረው መንገድ ፈረስ መልስ በምንለው ሸንተረር ላይ የሚያልፈው ነው። "ሁለት ቀን ብትታገሥ ውሃው ይጎድላል" ብዬ ብነግረው "አብዮት ወንዝ እስኪጎድል አይጠብቅም" ብሎ መለሰልኝ።

ከተራራው ሥር ቄስ ገብረመስቀልን አገኘናቸው። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ዋሻ ሩፋኤል ሊቀድሱ ይሄዱ ነበር። አብረውን እንዲሄዱ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ፤ በክረምት ያንን ሸንተረር ሦስት ሆኖ ማለፍ ይሻላል። ስለጠየቅኋቸው አብረውን ወጡ እንጂ በራሳቸው ተከትለውን አልመጡም።

በመካከላቸው ቂም ነበረ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ በሐምሌ ወር ጓድ የሻው የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ለማኅበሩ መጋዘን መሥሪያ ይቆረጥ ብሎ ቄሱ በስብሰባ መካከል ተቃውመውታል። ሕዝብ ሁሉ የሰማው ስለሆነ አልደብቅም።

ጅብራ የሚባለው የውርጭ ተክል ከሚበቅልበት በላይ ጭጋጉ ወርዶ ስለነበር አለቱን በእጅና በጉልበት እየቧጠጥን ወጣን። ረፋዱ ላይ ፈረስ መልስ ደረስን። ወርዱ አንድ ሰው እግር በእግር ተክቶ የሚያልፍበት ሲሆን በግራም በቀኝም ገደል ነው። ሣሩ በዝናብ ረጥቦ ያሟልጭ ነበር። እንዲህ ሲሆን እኛ ከቆዳ የተሠራ የእርሻ ጠፍር ቀጣጥለን ሁላችንም በቀኝ እጅ እንይዛለን። ወገብ ላይ አናስረውም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይሄድ ነው። እኔ ፊት፣ ጓድ የሻው መካከል፣ ቄሱ ከኋላ ሆነን ገባን።

ጓድ የሻው እየሳቀ "መምሬ፣ አሁን የያዘን ጠፍሩ ነው ታቦቱ?" አላቸው። ቄሱም "ለጊዜው ጠፍሩ ነው። አፍህን ዝጋና ያዝ፣ ልጄ" አሉት። እኔም ሳቅሁ። የጠብ ንግግር አልነበረም።

በአገራችን መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን ሲታየው ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ አማትቦ ነው የሚያልፈው። ፈረስ መልስ ላይ ግን ጠፍር የያዘ እጅ ስለማይለቀቅ ጠባቡን ጨርሰን ከሰፊው ድንጋይ ላይ ስንደርስ ነው የምንሳለመው። ለመንገደኛ ሁሉ ይህን አስቀድሜ እነግራለሁ። ለጓድ የሻው አልነገርኩትም። ካድሬ ይሳለማል ብዬ አላሰብኩም።

መካከሉ ላይ ስንደርስ የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ወዲያው ጭጋጉ ተገለጠና ዋሻ ሩፋኤል ከሸለቆው ማዶ ፊት ለፊታችን ታየ። ጠፍሩ ከበስተኋላዬ ሲላላ ተሰምቶኝ ዞርኩ። ጓድ የሻው በግራ እጁ ቆቡን አውልቆ ይዟል። ቀኝ እጁ ጠፍሩን ለቆ ግንባሩን ነክቶ ወደ ደረቱ ይወርድ ነበር። እግሩ የከዳው ያን ጊዜ ነው። ቄሱ ያን ጊዜ ከእሱ በጠፍሩ ልክ ርቀው ነበር፤ እጃቸው አይደርስበትም። "ያዝ! ያዝ ልጄ!" እያሉ በደረታቸው ተወርውረው የካፖርቱን ጫፍ ያዙ፤ ጫፉ አምልጧቸው ሄደ። በሌላ እጃቸው ጠፍሩን ባይዙና እኔ ባልጎትታቸው እሳቸውም ይከተሉት ነበር።

ዞረን ከገደሉ ሥር ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ጓድ የሻው ሞቶ ነበር። ቄሱ ጋቢያቸውን አውልቀው ገነዙት፤ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው እስክጠራ ድረስም ዝናብ እየመታቸው ከአጠገቡ አልተነሡም። አስከሬኑን ይዘን ከተማ ስንገባ እሳቸው ተያዙ።

ሃምሳ አለቃው፣ ካድሬ የሆነ ሰው ያማትባል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ካድሬ አላውቅም፤ ያየሁት ግን በገነተ ማርያም ደብር ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ሲያማትብ ነው ብዬ መለስኩ። ጽሑፉ ላይ "ጠፍሩን ለቀቀ" የሚለው እንደሚበቃ፣ የሟቹን ክብር እንዳላጎድፍ ተነገረኝ። ለምን እንደለቀቀ ካልተጻፈ ሰው ሁሉ ቄሱ ገፍተውት ነው ይላል፤ ቄሱም ይሞቱበታል። ስለዚህ ካልተጻፈ አልፈርምም አልኩ። ሃምሳ አለቃውም "ተናገር፣ እጽፋለሁ" ብሎኝ ጽፎታል።

ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሃል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ፣ ለሟቹ እናት ለወይዘሮ ብርቅዬ ተናግሬያለሁ። ልጃቸው በባንዲራና በንግግር፣ ያለ ፍትሐት ነው የተቀበረው። በማግሥቱ ለቅሶ ልደርስ ብገባ ማንም እንዴት እንደሞተ አልነገራቸውም ነበር። እንደሌላው ለቀስተኛ አለቀስኩና ከድንኳኑ መካከል ቆሜ እዚህ የተናገርኩትን ነገርኳቸው። ደረታቸውን መምታት አቁመው "እጁ የት ደርሶ ነበር?" አሉኝ። ከግንባሩ ወደ ደረቱ አልኳቸው። "እንግዲያው ቀሪውን እናቱ ትጨርስለት" ብለው እጃቸውን ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ትከሻቸው ወሰዱ። ለቀስተኛው ሁሉ ተነሥቶ አብሯቸው አማተበ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደነገረ አላውቅም።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ አድምጫለሁ። የተጻፈው በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም የለም። በፍርድ ቤት ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ። መጻፍ ስለማልችል በአውራ ጣቴ አረጋግጫለሁ።

የምስክሩ የጣት አሻራ፦ አዝመራው ጋሻዬ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አሊ አብዱልሀሚድ (ፊርማ)
ሲነበብ የነበረ ታዛቢ፦ ተክለ ሚካኤል ጥሩሰው (ፊርማ)