ለሱራፌል ማን ይንገረው?

አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ። ወይዘሮ አስካለ ከሦስት ሳምንት በፊት የሞተውን የልጃቸውን የሚልኪያስን ስልክ ጉያቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ህሊና እጇን ዘርግታ ፊታቸው ቆማለች።

ህሊና፦ እማዬ፣ ስጪኝ! አንድ መስመር ጽፌ ላጥፋው።

አስካለ፦ ምን ብለሽ?

ህሊና፦ «ሚልኪ አርፏል» ብዬ ነዋ! ጓደኛው ሱራፌል በየቀኑ ለሞተ ሰው ይጽፋል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወንድሜ ጓዳ ያለ ይመስለኛል። ፈራሁ፣ እማዬ!

አስካለ፦ እኔም ይመስለኛል። ለዚያ ነው የማላጠፋው። ይልቅ፣ ሁሌ የሚጽፋት ይቺ «ብሮ» ምንድን ናት?

ህሊና፦ ምንም አይደለች፤ የአራዳ ልጆች ቋንቋ ነው። የታክሲ ረዳቱም «ብሮ»፣ ሊስትሮውም «ብሮ»።

አስካለ፦ ከየት መጣች ታዲያ?

ህሊና፦ ከእንግሊዝኛ። «ብራዘር» የሚለውን አሳጥረውት ነው።

አስካለ፦ ብራዘር ደግሞ ምንድን ነው?

ህሊና፦ ወንድም።

አስካለ፦ ኤዲያ! ወንድምን የሚያህል ነገር ይቆረጣል? ምን አስቸኮላቸው?

ህሊና፦ አንቺስ «እህቴ» ማለት ሰንፈሽ «እቴ» ትዪ የለ!

አስካለ፦ እቴ ስላት እህትነቷ ይቀራል እንዴ? ለመሆኑ ሱራፌል የት ነው ያለው?

ህሊና፦ ጅቡቲ መስመር ላይ፣ ከባድ መኪና ይዞ።

አስካለ፦ እና መሪ እንደጨበጠ፣ በረሃ ላይ፣ መርዶ በስልክ ይስማ? መርዶ እኮ በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ኖሮ።

ህሊና፦ እሱ ለዘመድ ነው። ይሄ ጓደኛ ነው።

አስካለ፦ ሌላ ዘመድ አለው?

ህሊና፦ ማሳደጊያ ነው ያደገው። ማንም የለውም።

አስካለ፦ አየሽ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው።

ህሊና፦ ቆይ እስቲ አሳዪኝ... እማዬ! ዛሬ ጠዋት ከሚልኪ ስልክ «ና» ተብሎ ተልኮለታል!

አስካለ፦ እኔ ነኝ የላክሁት።

ህሊና፦ በስመአብ! ሙት ጠራው እኮ!

አስካለ፦ እናት ናት የጠራችው። ቤቴ መጥቶ ያልቅስ ብዬ ነው።

ህሊና፦ ውይ... እየደወለ ነው! ሚልኪን መስሎታል። ምን ልበለው?

አስካለ፦ ውሸት እንዳትነግሪው። መርዶውንም እንዳታወጪው። ማን እንደሆንሽ ንገሪውና ይምጣ።

ህሊና፦ ሄሎ... ሱራፌል... እማዬ ቤት ና ብላሃለች። እኔ? እህትህ ነኝ።