አራት ቀዳዳ ለአራት ካሜራ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ጡረተኛ ካርቶን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠለች ሴት አለች።

«አባባ፣ ምን ገዙ?»

«ስዊች። የግቢዬ ካሜራዎች ገመድ የሚሰካበት። አራት ካሜራ፣ አራት ቀዳዳ።»

«ምስሉን የሚቀዳው ማሽንስ? የሱ ገመድ የት ሊሰካ ነው?»

ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይተው እንደገና ቆጠሩ። አራት ናቸው።

«እኛም ቢሮ እንዲሁ ተሳስተን ነበር። ይመለሱና በባለ ስምንቱ ያስቀይሩት።»

«ባለ ሱቁም ባለ ስምንቱን ይውሰዱ ብሎኝ ነበር። ሊበላኝ ነው ብዬ ሰው ፊት ሌባ አልኩት። አሁን በምን ዓይኔ ልየው?»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የጓሮው ካሜራ ይቅራ።»

«ጓሮ ምን አለ?»

«የውሃ ፓምፑ ነው ያለው። የፊተኛውን ሰርቀውኝ በስንት መከራ የተካሁት።»

«እና እሱን ያለ ካሜራ ሊተዉት?»

«አጥር አለው እኮ። አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው የተነቀለው፣ እሱንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ውሻስ የለዎትም?»

«ሞተብኝ። ካሜራ የገዛሁት ለዚህ አይደል?»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ጆሯችንን አቁመን እየሰማን ነበር።

«ወራጅ አለ። እዚያ አረንጓዴው በር ጋ፣ ቤቴ ነው።»

እሳቸው ወርደው በሩን ሲከፍቱ፣ እኔም እንደ ሌላው ተሳፋሪ አንገቴን አስግጌ አጥራቸውን አየሁና ቶሎ ብዬ ፊቴን ወደ ሹፌሩ መለስኩ።