አምስት ቮልት እና አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ በመስኮቱ በኩል ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። የእትዬን የጡረታ መሸኛ ንግግር አንተ አድርግ የተባልኩት አንደበተ ርቱዕ ስለሆንኩ አይደለም። ከእትዬ ጎን ያለው ጠረጴዛ የኔ ስለሆነ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጣቸው መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

እትዬ እዚህ መሥሪያ ቤት የመጡ ቀን እኔ አልነበርኩም። የነገረን የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ነው፤ ያው እዚያ ጥግ ቆሞ ሳይፈቀድለት ኬኩን ጀምሮታል። እሱ እንደሚለው፣ እትዬ "ጠረጴዛዎ ይህ ነው" ሲባሉ አልተቀመጡም። ከቦርሳቸው የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አወጡ፤ ተንበርክከው ሶኬቱን ለኩ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቀጥሎ ያለውንም ለኩ። ሥራ አስኪያጃችን በበሩ ሲያልፉ አዩዋቸውና የመብራት ተቆጣጣሪ የመጣ መሰላቸው። ቆጣሪውን አሳዩዋቸው፣ ምድር ቤት አወረዷቸው፣ ጣሪያ ላይ አወጧቸው። እትዬም አዲስ ሠራተኛ እንዲህ ነው የሚጎበኘው ብለው እየለኩ ተከተሉ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ ጥፋት አገኙብን?" ቢሏቸው፣ "እኔ ምን አውቄ፤ ሥራ የጀመርኩት ዛሬ ነው" አሏቸው። ይህ የሆነው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። ስማቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ቴስተር ሆኖ ቀረ።

ባለቤታቸውና ልጃቸው እዚህ ስላሉ፣ እትዬ ቀን ቀን ከቤት ጠፍተው ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ላስረዳ። ካሜራ ውስጥ የምትገባ፣ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች አይደል? እሷን ከማሽኑ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል፤ እኛ የምንጽፈው እሱን ነው። ካርዷ ስትገባ ድራይቨሩ በቅድሚያ "ስንት ቮልት ትችያለሽ?" ብሎ ይጠይቃታል። እሷም "ከሁለት ነጥብ ሰባት እስከ ሦስት ነጥብ ስድስት" ትለዋለች። ድራይቨሩም ቦርዱ፣ ማለትም ካርዷ የምትሰካበት የማሽኑ ሰሌዳ፣ ከሚሰጠውና ካርዷ ከምትችለው ሁለቱን የሚያስማማውን መርጦ ይሰጣታል። የሚያስማማ ከሌለ ይቅርብን ብሎ ይተዋታል። ሥራው ይኸው ነው፣ ቀላል ይመስላል። ቀላል ነው ያለውን ሰው እትዬ እንዴት ልክ ልኩን እንደሚነግሩት ደግሞ እኛ እናውቃለን።

ሳይጠይቁ መስጠት አያውቁም። ሻይ እንኳ ሲቀዱልን "ስኳር ስንት ትችላለህ?" ነው የሚሉት። የጽዳት ሠራተኛችን የልጇ መጫወቻ መኪና አልሄድ ብሏት ብታመጣላቸው፣ ባትሪውን ለክተው የሕይወት ታሪኩን ነገሯት። እኔም አንድ ቀን ስድስት መስመር ኮድ ልኬላቸው አርባ አንድ አስተያየት ይዞ ተመልሷል። አርባ አንደኛው "አርባውን አስተካክለህ ስትጨርስ ሻይ እንጠጣ" ይላል።

አንድ ደንብም አላቸው። ድራይቨሬ አልቋል የሚል ሰው፣ ለደንበኛ ከመላኩ በፊት የራሱን ካርድ ከቶ ይሞክረዋል። ያውም ባዶ ካርድ አይደለም፤ ብትጠፋ የሚያለቅስላትን። በራስህ ያልደፈርከውን በሰው ላይ አትድፈር ይላሉ። በዚህ ደንብ ምክንያት ክፍላችን ውስጥ የሁላችንንም ልጆች የልደት ፎቶ ያላየ ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እትዬ፣ እጅዎን አያወዛውዙብኝ፤ ዛሬ አልሰማዎትም።

በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር፣ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ እያለሁ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። አንድ ደንበኛ ድራይቨራችሁ አሮጌ ካርዶችን አልቀበልም ይላል ብሎ ወጥሮ ያዘን። ካርዶቹ ስላረጁ መልስ ያዘገያሉ። ታግሼ ደግሜ መጠየቅ ሲገባኝ፣ መልስ ካዘገየች ቦርዱ የሚችለውን ከፍተኛውን ቮልት ስጣት የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። ደንበኛው የላከልን ቦርድ ደግሞ እስከ አምስት ቮልት ይሰጣል። እትዬ ኮዱን አይተው ይህቺን መስመር አውጣት አሉኝ። አውጥቻለሁ አልኳቸው፤ አላወጣኋትም። እሳቸው ግን አምነውኝ ፈረሙ። ቀኑ የማስረከቢያችን ቀን ነበር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በደንቡ መሠረት ካርድህን ክተት ተባልኩ። ጠዋት ከሱቅ የገዛኋትን ባዶ ካርድ ከተትኩ። ምን አለባት ሲሉኝ የእህቴ ሠርግ አልኳቸው። እህት የለኝም። ካርዷ አዲስ ስለሆነች ቶሎ መለሰች፣ ሥራውም ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ እትዬ የራሳቸውን አሮጌ ካርድ ከተቱ። እሷ መልስ ስታዘገይ ያቺ መስመሬ አምስት ቮልት ለቀቀችባት። ሽታው ከጭሱ ቀድሞ መጣ።

ካርዷ ላይ የነበረው ባለቤታቸው ጊታር ሲለማመዱ የተቀረጸ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ነው። በዚያ እንኳ ጎረቤቶቻቸው ሳይመርቁኝ አልቀሩም። ነገር ግን ካርዷ ሾርት አድርጋ ስትቃጠል የደንበኛውን ብቸኛ ቦርድ ይዛው ሄደች፤ ሥራው ስድስት ሳምንት ዘገየ። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አስጠርተው ይህን ማን ፈቀደ አሉ። እትዬ ቀና ብለው "ኮዱን አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አሉ። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም። እኔ ዋሽቻቸው እንደነበር እዚያው ቆመው ገብቷቸዋል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በእሳቸው ስም ተጻፈ። በዚያ ዓመት የክፍል ኃላፊነቱ ለእሳቸው ታስቦ ነበር፤ በደብዳቤው ምክንያት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከቢሮው ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ እንባዬ መጣ። እሳቸው ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ነገ ቀደም ብለህ ና፤ ያቺን መስመር አብረን እናወጣታለን።" ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር።

ያኔ ብባረር ኖሮ የት እንደምደርስ እንጃ። ልጄ ዛሬ አሥር ዓመት ሞልቷታል። ቤቴ የቆመው በእርስዎ ዝምታ ነው እትዬ። ሙያውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ሰው ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ለማለት አሥራ አንድ ዓመት የፈጀብኝ ፈሪ ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ወር ያ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተለቀቀና ለኔ ታጨ። ፋይሉ ንጹሕ ነው ተባለልኝ። ንጹሕ የሚለው ቃል አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያላወጣኋትን መስመር፣ ውሸቴን፣ የሌለችውን እህቴን። ይህ ቦታውን ሊያሳጣህ እንደሚችል ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አውቃለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ከእትዬ ፋይል ወጥቶ በኔ ስም ይጻፍ አልኳቸው። "በሥራ ዘመኔ ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ ብሎ የለመነኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ" አሉና ጻፉልኝ። ቦታው ለማን እንደሚሆን ሰኞ ይታወቃል። ለሌላ ቢሰጥም ቅር አይለኝም፤ ዛሬ ምሳዬን በደስታ ነው የበላሁት።

እትዬ፣ ይህ ፖስታ የእርስዎ ነው። ውስጡ ያለው ከፋይልዎ የወጣው ደብዳቤ ነው። ይቅደዱት፣ ያቆዩት፣ እንደፈቀዱ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በስምዎ የተጻፈ አንድም ክፉ ቃል የለም።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሡ። የዕቃ ክፍል፣ ሹካውን አስቀምጥና አንተም አንሣ። ለእትዬ! ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ የዕረፍት ዘመንዎ የሰላም፣ የጠዋት እንቅልፍዎ የጣፈጠ ይሁን፤ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ያብቃዎት።

አሁን መናገር ይችላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብለውልኛል፤ ዛሬ እኔ ተቀምጬ ልስማዎት።