እምቢ ያለው የአቶ ተስፉ ሰውነት

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ መነጽሬን ላሠራ ወሎ ሰፈር ሄጄ ስመለስ ታክሲ መያዣው ላይ የማውቃቸው ሰው ቆመው አየሁ። ጎረቤቴ አቶ ተስፉ ነበሩ። የምንኖረው ከገርጂ ወዲያ ባለ የኮንዶሚኒየም መንደር ሲሆን፣ እሳቸው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግን ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ረዳቶቹ «ቦሌ! ቦሌ!» እያሉ ይጣራሉ። ታክሲ ይመጣል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ይሄዳል። አቶ ተስፉ ንቅንቅ አይሉም። ተሰላፊው ዞሯቸው ያልፋል፤ አንዳንዱም ገፍቷቸው ይሄዳል። ቀረብ ብዬ ሰላም ስላቸው ወደ እኔ ዞሩ፤ ያዩኝ ግን አልመሰለኝም።

«ደኅና አይደሉም እንዴ፣ አቶ ተስፉ?»

«ደኅና ነኝ፣ መምህር። ሥራ ልገባ ነበር» ካሉ በኋላ፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግሬ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

ቦርሳቸውን ልቀበላቸው ብል ጣቶቻቸው አልላቀቅ አሉ። እንደ ሕፃን ጣት አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ከዚያ መኪና ጠርቼ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

አንባቢ ይህን ሰው እንዲያውቃቸው ጥቂት ልናገር። አቶ ተስፉ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ የጭነት ድርጅት የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። አበባው፣ ሥጋው፣ መድኃኒቱ ከመጋዘን ወጥቶ አውሮፕላኑ ሳይነሳ እንዲደርስ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲጎድል ይሸፍናሉ። በዓል ሲመጣ፣ ልጆች ያሏቸው ቤታቸው ይዋሉ ብለው እሳቸው ይገባሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ማዕዛ ትዳር ይዛ ሐዋሳ ትኖራለች። የእድራችን አባል ቢሆኑም ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያያቸው የለም።

ሐኪሙ ልባቸውንም ደማቸውንም መረመረና፣ «የሚታይ በሽታ አላገኘሁብዎትም። ሰውነትዎና መንፈስዎ ግን ዝለዋል። ይረፉ፤ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያሠራዎትና የሚያነጋግርዎት ባለሙያም ያስፈልግዎታል» አላቸው። አቶ ተስፉ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«በሽታ የለብህም ካሉኝ ምን ያስተኛኛል?» አሉኝ ቤታቸው ሳደርሳቸው። «ዝለት ብሎ በሽታ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ፣ ዛልኩ ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

ያን ቀን ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የሶፋው ፕላስቲክ ገና አልተገፈፈም፤ እንግዳ ተቀምጦበት እንደማያውቅ ያስታውቃል። ዕቃ ማስቀመጫው ላይ አንድ ብርጭቆና አንድ ሳህን ብቻ ተደፍተዋል። ወደ ማረፊያው የሚወርዱ አውሮፕላኖች በመስኮቱ ትይዩ ሲያልፉ መስታወቱ ይርገበገባል። እሳቸውም በእያንዳንዱ አውሮፕላን ቀና ብለው ሰዓታቸውን ያያሉ። በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው መሆናቸውን አካላቸው አልሰማም።

ምድር ቤት የሚኖሩት የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ሮሃ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ ክሊኒክ ትሠራለች። በማግስቱ ለመንኳትና አብረን ወጣን። ገና እንደተቀመጠች፣

«ጋሽ ተስፉ፣ ጥርስዎን ለምን ነከሱ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አልነከስኩም፣ ልጄ።»

«እስቲ እጅዎን ጉንጭዎ ላይ አድርገው ይዩት።»

አደረጉ። መንጋጋቸው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኙት። «እንዲህ መሆን የጀመረው መቼ ነው?» አሉ፤ ጥያቄው ለእሷም ለእኔም አልነበረም።

«ሰው ሊመታን ሲመጣ ትከሻችን ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ትንፋሻችን ያጥራል» አለች ሮሃ። «ዱላው ካለፈ በኋላ የተሰበሰበው አካል መፈታት አለበት። የእርስዎ ግን ሳይፈታ ሌላ ዱላ ይመጣበታል።»

«ማን ነው የሚመታኝ? እኔ የማውቀው አበባ መጫን ነው።»

«ስልክዎ በጮኸ ቁጥር ለሰውነትዎ ዱላ ነው የሚመስለው። ማታስ ይተኛሉ?»

አቶ ተስፉ ሰዓታቸውን አዩ።

ሮሃ ልታሠራቸው ያሰበችውን ነገረቻቸው። ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው ጉልበታቸውን በማጠፍ ጭናቸው እስኪደክም ይቆማሉ፤ ከዚያ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን ከፈት ያደርጋሉ። እግራቸው በራሱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አይከለክሉትም፤ ይተዉታል። ይህን ሲሰሙ አቶ ተስፉ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ተምረሻል፣ አከብርሻለሁ። ግን በአገራችን የሚንቀጠቀጥ ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ፀበል ይወሰዳል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምንጣፍ ላይ ልንፈራገጥ? ወንድ ልጅ የሆነውን ሆኖ ሆዱ ውስጥ ይቀብራል።»

«ሆድ መቃብር አይደለም፣ ጋሼ። የቀበሩት ሁሉ እዚያው በሕይወት ይቀመጣል። ደግሞ አዲስ ነገር ያመጣሁ አይምሰልዎት። በሁዳዴ ሰግደው ሲነሱ ሰውነትዎ ቀሎዎት አያውቅም? ሠርግ ላይ ጓይላ ሲመታ ትከሻዎ ማንን ጠይቆ ነው የሚነሣው? የቀደሙት ሰዎች የተያዘ አካል እንደሚፈታ ያውቁ ነበር። እኛ ቢሮ ገባንና ረሳነው።»

ጓይላ የሚለውን የትውልድ አገራቸውን የትግራይን ጭፈራ ስም ከእሷ አፍ ሲሰሙ ፈገግ አሉ። እኔም ዕድሉን ተጠቅሜ፣ «አቶ ተስፉ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አልኳቸው።

«ይህ ነገር ፈውስ ነው ብለሽ ትምያለሽ?» አሉ ወደ ሮሃ ዞረው።

«አልምልም። የሐኪሙን ሕክምና አይተካም፤ ብዙ ሰው ግን ቀሎኛል ይላል። ከከበደዎት ወዲያው እናቆማለን።»

በዚህ እውነተኛ መልሷ ተረቱ መሰለኝ፣ ኮታቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደገፉ። ምንጣፉ ላይ ሲተኙ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ጉልበታቸው ርግብ ርግብ ማለት ጀመረ፤ ከጉልበት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ሆድ ወጣ። በድንገት ደረታቸው ተነሣና ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ። ሳል ልለው አልችልም። እንዳወጡትም ተነሥተው ቁጭ አሉ።

«በቃ! በቃ፣ ልጄ። አመሰግናለሁ፤ ሂዱልኝ» አሉን። እጃቸው ፊታቸውን ሸፍኖታል።

ወጣን። ለብዙ ቀናት በራቸው ሳይከፈት ሰነበተ። ከጣሪያዬ በላይ ሲመላለሱ የእግራቸውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። በአንድ ሕንፃ ይህን ያህል ሕዝብ እየኖረ፣ ግድግዳችን አንድ ሆኖ፣ አንድ ሰው እንዲህ ብቻውን መሆን መቻሉ ይገርመኛል። በገጠር የሚኖር ሰው ጭስ ከቤቱ ካልወጣ ጎረቤት ይጠይቀዋል። የእኛን ቤት ጭስ ማን ያየዋል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው በሬን አንኳኩ። ጢማቸው አድጓል። ገብተው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«መምህር፣ እናቴ ሞታለች።»

ደንግጬ ተነሣሁ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት! መቼ?»

«በጦርነቱ ጊዜ ነው። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ሳለ፣ ውቅሮ አጠገብ ባለው ገጠራችን አረፈች። ወራት ቆይቶ ከዚያ የመጣ አንድ ሰው መጋዘን ድረስ ፈልጎኝ ነገረኝ። አበባ እየጫንን ነበር። ‹እሺ› አልኩት። ከዚያ ጭነቱን ጨረስን።»

«ለማንም አልነገሩም?»

«ለማን ልንገር? ጊዜው ክፉ ነበር። በቋንቋዬ ጮክ ብዬ ባለቅስ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ማዕዛንም እርጉዝ ስለነበረች ደበቅኳት፤ በኋላ በስልክ ነገርኳትና አለቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የተባለውን ነገር ሸሸሁ። ሥራ ከቆመ እናቴ ፊቴ ትመጣለች። ያቺ ልጅ ባስተኛችኝ ዕለት መጣች።»

ወዲያው ሮሃንና እናቷን ጠራኋቸው። ወይዘሮ የሺመቤት የእድራችን የሴቶች ተጠሪ ናቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአቶ ተስፉ አጠገብ ተቀመጡ። «ድንኳን ይተከላል» አሉ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ።

«አይሆንም፣ እትዬ የሺመቤት» አሉ አቶ ተስፉ። «ዓመታት ያለፈው ለቅሶ ይነሣል እንዴ? ሰው ይስቅብኛል። ደግሞስ ማን ይመጣል? እኔ የማንን ለቅሶ ደርሼ አውቃለሁ?»

«እርስዎ ባይመጡ እኛስ መች በርዎን አንኳኳን? በዚያን ጊዜ ‹ከቤተሰብ ወሬ አለ ወይ?› ብሎ የጠየቀዎት ከዚህ ሕንፃ ማን አለ? ጥፋቱ የጋራችን ነው።»

ሮሃ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ላሠራዎት እችላለሁ። ሰውነትዎ ግን ብቻውን ሲለቅ ፈርቶ ተመልሶ ተዘጋ። ሰው በተሰበሰበበት የሚወጣ ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ሰው ደረቱን የሚመታው፣ ጎረቤት ጎንና ጎን ሆኖ የሚይዘው ለከንቱ አይደለም፤ እንዳይወድቅ ተይዞ እንዲለቀው ነው።»

«ባዶ ድንኳን እንዳታሳዩኝ ብቻ» አሉ አቶ ተስፉ።

በሚቀጥለው እሑድ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ማዕዛ ልጇን አዝላ ከሐዋሳ መጣች። ጠዋት ላይ ሰው ጥቂት ስለነበር አቶ ተስፉ ዓይናቸውን ከድንኳኑ በር አላነሡም፤ እኔም አብሬ ፈራሁላቸው። ረፈድ ሲል ግን የየሕንፃው ሰው ይገባ ጀመር። ቀጥሎ የፈረቃ ጓደኞቻቸው አንጸባራቂ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ከሥራ በቀጥታ መጡ። ከፊት ያለው አብኔዘር የተባለው ወጣት ምክትላቸው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸውና፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን አጠገብዎ ነበርኩ እኮ። እንዴት አይነግሩኝም?» አላቸው።

ይህን ጊዜ አቶ ተስፉ ብድግ አሉ። «ኣደየ!» አሉ። በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። «ኣደየ! ኣደየ ለተብርሃን!» እያሉ እናታቸውን በስም ጠሩ። ትከሻቸው፣ ክንዳቸው፣ ጉልበታቸው፣ መላ አካላቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ በአንድ ወገን፣ አብኔዘር በሌላው ያዝናቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደ ልማዱ «ይብቃዎት፣ ይብቃዎት» ሊል ሲነሣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ «ተዉዋቸው፣ ያልቅሱ። ብዙ ቆይቷል» ብለው መለሱት። ማንም አልሳቀባቸውም። ቋንቋውን የማያውቁ ሴቶች ሁሉ አብረዋቸው አለቀሱ።

ከዚህ በኋላ አቶ ተስፉ ከሮሃ ጋር ልምምዱን ያለ ክርክር ቀጠሉ፤ ሐኪሙ ወዳዘዘላቸው አማካሪም ሄዱ። ሮሃ፣ «ስልኩ እንደ ድሮው ከጮኸ መንቀጥቀጡ ብቻውን አያድንዎትም» ስላለቻቸው አለቃቸውን አነጋግረው የሰው ፈረቃ መሸፈን አቆሙ፤ ግማሹን ሥራ አብኔዘር ተረከበ። አበባውም አልጠወለገም፣ አውሮፕላኑም አልቀረም። ዛሬ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ የጠጠረው መንጋጋቸው ላልቷል፣ ሲስቁም ጥርሳቸውን አይተናል። እድሩም ትምህርት አገኘበት፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ጎረቤት ተመድቦለታል። እሑድ ጠዋት ደግሞ በጋራው አዳራሽ ሮሃ የምታሠራን ልምምድ አለ።

ብቸኝነታቸው ተነቅሎ ጠፋ ብዬ ግን አንባቢዬን አላታልልም። ቤታቸው አሁንም የአንድ ሰው ቤት ነው፤ የመሸ ጊዜ ይከብዳቸዋል። ልዩነቱ፣ ሲከብዳቸው ደረጃውን ወርደው በር ያንኳኳሉ።

በቅርቡ መኪና ሲያሽከረክር ውሎ የሚያድር ካሊድ የሚባል ጎረቤታችን አዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ ወለል ላይ የተኛነውን እያየ ሳቀ። «ጋሽ ተስፉ፣ ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም? እኔ የምታመምበት ጊዜ የለኝም።»

አቶ ተስፉ ከወለሉ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ።

«እኔም ጊዜ አልነበረኝም፣ ልጄ» አሉት። «ሰውነቴ ግን አላስፈቀደኝም። እናቴ ሞታ ሳላለቅስላት ስንት ዘመን አበባ ስጭን ኖርኩ። አንተ ምን እንደተሸከምክ አላውቅም፤ አልጠይቅህምም። ጫማህን አውልቅና ከጎኔ ተኛ።»

ካሊድ ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ በሩን መለስ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።