ሠሪው ያልረጠበበት ጀልባ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አዳራሹን አስጊጣችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ እኔን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ኬኩም ያምራል። በጀልባ ቅርጽ መሠራቱን አይቻለሁ። ሰሞኑን ከምንሠራቸው ጀልባዎች ይልቅ እሱ ላይ የተደከመ ይመስላል።

ዋና ሥራ አስኪያጃችን በር ላይ ሲቀበሉኝ፣ «እትዬ፣ ዝናብ አገኘዎት እንዴ?» አሉኝ። ውጭው ፀሐይ ነው። ፀጉሬ ግን እንደምታዩት እስካሁን ይንጠባጠባል። ምንጣፉን ስላበላሸሁ ይቅርታ፤ ምክንያቱን ሳልነግራችሁ አልሄድም።

ቅድም ስለ እኔ የተነበበውን ሰምታችኋል። «የውሃዋ ንግሥት፣ የድርጅታችን መሥራች እናት» ተባልኩ። እግዜር ይስጥልኝ። ሰው እንዲህ የሚወደሰው ሲሞት ነው ብዬ ክንዴን ቆንጥጬ አየሁ።

እውነቱን ከእኔ ስሙት። እናቴ በወንዝ ዳር ባለ የቀዘፋ ክበብ ፎጣ አጣቢ ነበረች፤ እኔም አግዛት ነበር። አሠልጣኙ እናቴን፣ «ልጅሽ ትከሻ አላት» አሏት። እሷም፣ «ትከሻስ አላት፤ ፎጣውን ማን ሊያጥብልኝ ነው?» አለቻቸው። ያም ሆኖ በማግስቱ ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ ላይ ተቀመጥኩ። መቅዘፊያውን በቅጡ ሳልጨብጥ አሠልጣኙ በእግራቸው ገፍተው ገለበጡኝ። ውሃ ጠጥቼ፣ እያሳለኝ ስወጣ እኔን ዞር ብለው አላዩኝም። የሚያዩት ጀልባዋን ነው። «አልሰጠመችም። አሁን እመኛት» አሉኝ።

ሻምፒዮን የሆንኩት ያቺን ትምህርት ይዤ ነው። ትከሻዬ እምቢ ሲለኝ ደግሞ የአጎቴን መኪና ከጋራዡ አስወጥቼ ጀልባ መሥራት ጀመርኩ። የአጎቴ ሚስት፣ «ኧረ ቤቱ ሙጫ ሙጫ ሸተተ፤ ትራሴ ሳይቀር!» እያለች ስታማርር ኖረች። አልተሳሳተችም።

ያን ጊዜ አብሮኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዛሬ ፎርማን የሆነው፣ ሁላችሁም ጋሽ ሙጫ የምትሉት። ሁለታችን ያወጣነው ደንብ አንድ ነበር። ሠሪው ያልረጠበበት ጀልባ አይሸጥም። የሠራው ሰው ራሱ ይገባበታል፣ ጓደኞቹ ይገለብጡታል፣ ከዚያ ዳር ቆመን ጀልባው መንሳፈፉን እናያለን። በአፍንጫውና በጭራው ያሉት በሙጫ የታሸጉ የአየር ክፍሎች ውሃ ካስገቡ ጀልባ አይባልም፤ የሬሳ ሳጥን ነው። ምሳችንን በእርጥብ ሱሪ ነበር የምንበላው። ታዲያ ሙጫ የሚሰስት ማን ነበር? ነገ የሚገለበጠው እሱ ራሱ ነዋ!

ገዢዎችም ይህን አወቁ። ጀልባውን በጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና እርጥብ ሲያገኙት ደስ ብሏቸው ይወስዱታል።

ከዚያ ሥራው ሰፋ፣ ባለድርሻዎች መጡ፣ እኔ «የክብር አማካሪ» ተባልኩ። የክብር አማካሪ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማንም የማያማክረው አማካሪ ማለት ነው። ሻምፒዮን የሆንኩባትን ጀልባ ለሁለት በመጋዝ ቆርጠው የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ሲያደርጓት እንኳ አልተጠየቅኩም። ዛሬ አፍንጫዋ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል። በገባሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን ዋጥኩት።

ልውጠው ያልቻልኩት ሌላ ነው። ባለፈው ወር በመጋዘኑ ጀርባ ሳልፍ ምን አየሁ? አንዱ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዞ አዲሶቹን ጀልባዎች ያርከፈክፋል። ሌላው ከኋላ እየተከተለ የእኔን ፎቶግራፍ ይለጥፋል። «በሻምፒዮኗ የተፈተነ» ይላል። ፊቴ ላይ ውሃ ይረጫል፣ እኔ እዚያ ወረቀት ላይ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩ።

«እናረጥበዋለን እትዬ። ገዢው እርጥብ ሲያይ ደስ ይለዋል።»

እንዲህ በግልጽ፣ ዓይን በዓይን! ትንሽ እንኳ ቢሽኮረመሙ ይሻለኝ ነበር። ቋቅ አለኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄጄ፣ «እነዚህ ጀልባዎች እኮ ለሕፃናት የቀዘፋ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ናቸው» አልኳቸው። «እትዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል። አንድ በአንድ ስንገለብጥ መዋል አንችልም» አሉኝ። «ልጅዎን ያስገቡባቸዋል?» ስላቸው ደግሞ፣ «የእኔ ልጅ ውሃ አትወድም» አሉ። ታድላለች! እንደ አባቷ ደፋር አለመሆኗ በጃት።

ስብሰባ ላይም ተናገርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ፣ ሻያችሁን ጠጣችሁ፣ ወጣችሁ። ጎማውም በማግስቱ ሥራውን ቀጠለ። በመጨረሻ ወደ ጋሽ ሙጫ ሄድኩ። «አንተስ?» አልኩት። «እትዬ፣ ጡረታዬ ደርሷል። ምን አገባኝ?» አለኝ። ጎማ ከያዙት ይልቅ ያንገሸገሸኝ ይህ ነው። ጋሽ ሙጫ፣ አታቀርቅር። አንተ እኮ ጉንፋን ይዞህ «ካልረጠብኩ ሞቼ እገኛለሁ» እያልክ የምታስቸግረን ሰው ነበርክ። ማን ቀየረብኝ?

መልቀቂያዬን ያስገባሁት ያን ዕለት ነው። ደክሟት ነው፣ አርጅታ ነው ያላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አንገፍግፎኝ ነው።

አሁን ወደ ፀጉሬ እንመለስ። ዛሬ ጠዋት እናንተ እዚህ ፊኛ ስትነፉ እኔ ለጭነት ከተሰለፉት ጀልባዎች አንዷን መዝዤ ወጣሁ። ፎቶግራፌ የተለጠፈባትን መረጥኩ። ከኋላችን ካለው ሐይቅ ገባሁና፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ገለበጥኳት።

እኔ ወጣሁ። እሷ አልወጣችም።

አፍንጫዋ ቀድሞ ወረደ። ከዚያ ያ የሚስቀው ፊቴ ተከተለ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ጥርሱ። እኔ እዚያው እየዋኘሁ ራሴን ስሰጥም አየሁ። ውስጧ ሕፃን ቢሆንስ? ጭነቱን ሊወስድ የመጣው ሹፌር ዳር ቆሞ ሁሉንም አይቷል። «እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ካላመናችሁ በመስኮቱ እዩት።

ብዙ አስቀየምኳችሁ መሰለኝ። ይሁን፣ እናንተም አስቀይማችሁኛል፤ ተቻችለናል። ልመርቃችሁ። እጃችሁ አይዛል። ከቤታችሁ ሰው፣ ከሰውም ጤና አይጉደል። ልጆቻችሁ ወንዙንም ሐይቁንም በሰላም ይሻገሩ። ይህ ድርጅት እኔን ይርሳ፣ ደንቡን ግን አይርሳ። የሠራችሁት ሌላውን ከመሸከሙ በፊት እናንተን ይሸከማችሁ። አሜን በሉ እንጂ!

ኬኩ ይቆየን። የቀሩት ጀልባዎች ደጅ ተሰልፈዋል፣ ሐይቁም ሩቅ አይደለም። የሠራ ሰው ጫማውን ያውልቅ።

ጋሽ ሙጫ፣ አንተ ቅደም። እኔ ራሴ እገለብጥሃለሁ።