በልጄ መዳፍ ላይ ስለቀረው ክርና ስለ ስኩዊዶች አበላል

ቃል ሰጪ፦ የሟች እናት
ዕድሜ፦ 58 ዓመት
ሥራ፦ በዓሣ ማጽጃ ቤት ዓሣ አጽጂ
አድራሻ፦ ከወደቡ በላይ፣ የጀልባ ጠጋኙ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የወደቡ ፖሊስ ጣቢያ

መርማሪው ቃሌን ሊጽፍልኝ ነበር። ስናገር እንባ እየቀደመኝ ስላስቸገረኝ በራሴ እጅ እንድጽፍ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ታግሶኛል።

የምመሰክረው በልጄ ሞት ተጠርጥሮ ስለታሰረው የሥራ ባልደረባው ነው። ሰው ሁሉ አጅሬ ይለዋል። እሁድ ጠዋት ጀልባዋን ብቻውን ይዞ ሲመለስ "እኔ ነኝ የቆረጥኩት" ካለ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣውም። ፖሊስም ልጄን ከጀልባዋ ጋር የሚያስረውን የወገብ ገመድ ቆርጦ ባሕር ውስጥ ጥሎታል በማለት ይዞታል። እኔ ጀልባዋ ላይ አልነበርኩም። የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ልጄና አጅሬ ለአሥራ አንድ ዓመት አብረው ትልልቅ ስኩዊድ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ስኩዊድ አጥንት የሌለው፣ ስምንት ክንድና ሁለት ረጃጅም መያዣ ያለው የባሕር አዳኝ ነው። እነሱ ከሚያጠምዱት መካከል ክብደቱ ከእኔ የማያንስ አለ። ቀን ጥልቁ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ላይ ሲወጡ በመንጋ ሆኖ ይከተላቸዋል።

ሁለቱ ከባሕር ሲመለሱ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት ነበር የሚመጡት። ቦት ጫማቸውን ደረጃው ላይ አውልቀው፣ ካልሲያቸውን ምድጃው ላይ አስጥተው፣ ሾርባ እየጠጡ ያወሩኛል። ቤቱ በካልሲ ሽታ ይታፈን ነበር። ያኔ እቆጣ ነበር፤ አሁን ያ ሽታ ናፍቆኛል። እኔም ማጽጃ ቤት የስኩዊዶቹን ሆድ ስከፍት ያገኘሁትን እነግራቸዋለሁ፦ ሰውነታቸው የሚያበራ ትንንሽ ዓሦች፣ ሽሪምፕ፣ ብዙ ጊዜም የሌላ ስኩዊድ ሥጋ። ሁሉም ተከትፎ ነው የማገኘው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ልጄን ጠየቅሁት።

"ጉሮሮው በአንጎሉ መሃል ነው የሚያልፈው እማዬ። ትልቅ ነገር ከዋጠ አንጎሉን ይጎዳዋል። ለዚህ ነው በመንቆሩ እየከተፈ የሚበላው" አለኝ። ከዚያ ወደ አጅሬ ዞሮ "አንተ ግን እንደ ልብህ ጉረስ፤ የሚጎዳብህ ነገር የለም" አለው።

አጅሬ አፉን እንደሞላ "እማማ፣ ልጅሽን አንድ በዪልኝ!" አለ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። አሁን ምድጃው አጠገብ ሁለቱም ወንበሮች ባዶ ናቸው።

አንድ ስኩዊድ መንጠቆ ሲይዘው ሌሎቹ ቀለማቸው ቀይና ነጭ እየተለዋወጠ ይከቡትና ከነሕይወቱ ይበሉታል። ገሚሱ የተበላውን ማጽጃ ቤቱ አይቀበልም። ልጄ ከአፋቸው ሊያስጥለው ሲል የወገብ ገመዱን ከቀለበቱ ይፈታል፤ የመንጠቆውን ክር መዳፉ ላይ ይጠመጥምና ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ወደ ውኃው ይንጠለጠላል። አጅሬ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ይጣላው ነበር። እኔም አብሬው ጮኬያለሁ። ልጄ ግን የያዘው ስኩዊድ ከእጁ ላይ ሲበላበት ማየት አይችልም። በመጨረሻ እኔ ፊት ተስማሙ።

"እሺ በቃ፤ ክሩ ከጎተተኝ ቁረጠው። ሳትጠይቀኝ ቁረጠው" አለው ልጄ።

"ከነመንጠቆው? ያን አዲሱን?"

"ከነመንጠቆው። መንጠቆ ይተካል። እኔን በማን ትተካኛለህ?"

"ዝም በሚል ሰው" አለው አጅሬ።

ከዚያ ወዲህ አጅሬ ቢላውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። ወደብ ላይ ያለ ሁሉ ያየዋል።

ልጄን እሁድ ማታ ሌሎች አጥማጆች ከባሕር አወጡት፤ ሰኞ አስከሬኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ክንዱና አንገቱ ላይ ክብ ክብ ቁስል ነበረው። መርማሪው ድብደባ ይሆን ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም። የስኩዊድ ክንድ ላይ ያለው ክብ መምጠጫ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው። እንዲህ ያለ ምልክት ከልጄ ክንድ ላይ ድሮም ጠፍቶ አያውቅም። ቀኝ እጁን አጥብቆ ጨብጦ ስለነበር ማንም አልከፈተውም። እኔ ጣቶቹን በሙቅ ውኃ እያሸሁ ከፈትኩት። መዳፉ ላይ የመንጠቆ ክር ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ወደ ባሕሩ የሚወርደው ጫፍ በስለት ተቆርጧል። ዛሬ ጠዋት ክሩን ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ጀልባዋ ላይም ከተከመሩት ገመዶች መካከል የልጄን የወገብ ገመድ ለይቼ አሳይቼዋለሁ። መቆለፊያውን ገመዱ ላይ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ገመዱ ሙሉ ነው፤ አልተቆረጠም።

አጅሬ ቢላውን ለማውጣት ዘግይቶ ይሆን ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። እኔም ከእሁድ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። አላውቅም። ቢዘገይም ልጄን ጠልቶ አይዘገይም። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት" ያለውም ለፖሊስ አይመስለኝም፤ የተባባሉትን እንዳደረገ ለልጄ እየነገረው ይመስለኛል።

ቀብሩን እስካሁን አላስፈጸምኩም። ሣጥኑን የሚሸከሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ ተዘጋጅተዋል። ጎረቤቶቼ በአራተኛው ቦታ ሌላ ሰው ይቁም ብለውኛል። እምቢ ብያለሁ። ልጄን ያለ አጅሬ አላስወጣውም።

ይህን ያስጻፈኝ ማንም የለም፤ ማንም አላባበለኝም፣ አላስፈራራኝም። ያላየሁትን አልጨመርኩም። የትም ብጠራ የምናገረው ይህንኑ ነው።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (ፈርመዋል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪው በዚሁ ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት በሰው ዋስ ከእስር ተለቋል። ዋስ የሆኑት የሟች እናት ናቸው።