የኸዋጃው ጎጆ ሣር

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ድንድር የዱር እንስሳት ፓርክ ሣር ጭኖ በሚሄድ ሎሪ ላይ፣ ነዶው ላይ ተቀምጠን ነበር። ከፊቴ አንድ የጎጆ ሣር ከዳኝ ሠራተኛና ወደ ስደተኛ ካምፕ የሚመለሱ አንዲት እናት ያወራሉ።

«ይህ ሁሉ ሣር ለማን ነው ልጄ?»

«ለኸዋጃ፣ ለፈረንጅ እንግዶች ነው እትዬ። ወንዝ ዳር ማረፊያ እየሠራን ነው። ቤቱ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ መብራት የለም፤ ማታ ጅብ እየሰሙ መተኛት ነው።»

«እኛ ከደርግ ሸሽተን የገባንበትን ኑሮ፣ እነሱ ሊዝናኑበት መጡ በለኛ!»

«ተፈጥሮ እንዳይጎዳ ነው የሚሉት። ከፓርኩ አንዲት ዘለላ ሣር ማጨድ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ይህ ከሰማይ ወረደ?»

«ከካምፓችሁ ጀርባ ታጭዶ ገዳሪፍ የተከማቸ ነው።»

«እሰይ! የኛ ሜዳ ተፈጥሮ አይደለማ!»

«እንግዶቹም ስንከድን ሣር ያቀብሉናል፤ ፎቶ ይነሣሉ።»

«ደቦ ወጡ በለኛ! ጠላውን ማን ጠመቀላቸው?»

ከዳኙ ሳቀ።

«ልጄ አራስ ናት» አሉ ሴትዮዋ። «የተኛችው በተቀደደ ሸራ ሥር ነው። ኸሪፉ፣ ክረምቱ ደግሞ ይኸው፣ ደመናው መጣ። ለቀዳዳው አንድ ነዶ ይበቃን ነበር።»

«ሰጠ ከተባልኩ ያባርሩኛል እትዬ።»

«ተው፣ ተው፣ አትስጥ። ኸዋጃው ላይ ጠብ ቢል ምን ይውጠናል!»

ሎሪው ካምፑ ጋ ሲቆም ከዳኙ ጀርባውን ሰጠን።

«በሉ ይውረዱ እትዬ፤ እኔ ደመናውን ነው የማየው።»

ተነሥቼ የተቀመጥኩበትን ነዶ ቀስ ብዬ በእግሬ፣ ሴትዮዋ ወደወረዱበት የሎሪው ጠርዝ ገፋሁት።